ጢስ ያጣች ሞተር

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ጤፉ ታጭዶ ክምሩ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ አልፌ ቀኑንም ወሩንም ልነግራችሁ አልችልም። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲጠፋ፣ ቀኑ ሁሉ አንድ መልክ ይይዛል።

ፍኖተ ሰላም እንደዚያን ጊዜ ጸጥ ስትል አይቼ አላውቅም። ባጃጆቹ ቤንዚን አጥተው በየደጁ ቆመዋል። ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው አውቶቡስ ቀርቷል። በዋናው መንገድ የሚሰማው የጋሪ ፈረስ ኮቴ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሞተር ድምፅ ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ቡሬ ላይ የናፍጣ ወፍጮ ሳስነሳ፣ ሳጠፋ፣ ስፈታ፣ ስገጥም ነው ጸጉሬ የሸበተው። ትምህርቴ ፊደል ከመለየት ብዙም አላለፈ። ወፍጮው በመብራት ሲተካ ወደዚህ መጣሁ፤ ባለቤቴም እዚሁ ዐረፈች። የቀረኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ጋራዥ ይሠራል።

ይህ ልጄ ለፋሲካ ሲመጣ አንዲት መኪና በካርቶን ይዞ መጣ። ርዝመቷ ከክንዴ ብዙም አይበልጥ። ጎማዋ እንደ ትራክተር ጎማ ጥርስ አለው። የምትነዳው ከሩቅ ነው፣ በእጅ በሚያዝ መቆጣጠሪያ። መጫወቻ መስላኝ ልስቅ ስል ክዳኗን አነሳልኝ። ሆዷ ውስጥ እውነተኛ ሞተር! ፒስተን ያለው፣ ካርቡራቶር ያለው፣ ካንዴላ ያለው፣ ከሎሚ እምብዛም የማይበልጥ። እሱና ጓደኞቹ እሑድ እሑድ ከከተማ ወጣ ብለው በአቧራና በጉብታ ላይ ያሽቀዳድሟቸዋል አሉ።

"ጢም ካወጣችሁ በኋላ መጫወቻ ጀመራችሁ?" አልኩት።

"አባባ፣ እርስዎስ ጢምዎ እስኪሸብት ከወፍጮ ጋር ሲያወሩ አልነበር የኖሩት?" አለኝ።

ሲሄድ አውቶቡሱ ነዳጇን አልጭንም አለው። ነዳጇ ቤንዚንም ናፍጣም አይደለም፤ እንደ አረቄ የሚሸት፣ ዘይት የተቀላቀለበት ቀላ ያለ ፈሳሽ ነው፣ በፕላስቲክ ጀሪካን። አዲስ አበባም እንደ ልብ አይገኝም። ያለ ነዳጅ መኪናዋን ብቻዋን ምን ያደርጋታል፤ "ለመስቀል በጓደኛ መኪና ስመጣ ከነነዳጇ እወስዳታለሁ። እስከዚያ ዝም ብላ ከተቀመጠች ውስጧ ይዝግብኛል፤ አለፍ አለፍ እያሉ ያስነሱልኝ" ብሎኝ ሄደ። እንዴት እንደምትነሳም አሳየኝ፦ ካንዴላዋን በትንሽ ባትሪ ማጋል፣ ገመዱን ሳብ ማድረግ፣ ስትሞቅም ቴስታታዋ ላይ፣ ማለት የሞተሯ አናት ላይ፣ አንድ ጠብታ ምራቅ ጣል አድርጎ ማየት። ጠብታዋ ቀስ ብላ ከፈላች ደህና ናት፤ ዘላ ከጠፋች ግን በጣም ግላለች ማለት ነው።

መስቀል መጣ፤ ልጄ አልመጣም። መንገዱ ተዘጋ፤ ትንሽ ቆይቶ ስልኩም ጠፋ። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ድረስ እየሄድኩ የመጣ ሰው ካለ እጠይቃለሁ። የመጣ ሰው የለም። እመለስና ካርቶኑን እከፍታለሁ። ያኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጄ ሲመጣ ሞተሯ በሕይወት ትቆየው። እሱን ከክፉ ልጠብቀው አልችልም፤ እሷን ግን እችላለሁ አልኩ።

የከፋው ነገር ነዳጁ ነበር። ጀሪካኑን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ ሳየው በየጊዜው ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። እንደሱ ያለ ነዳጅ ደግሞ እንኳን እዚህ ሌላም ከተማ የሚሸጥ አላውቅም። ካርቡራቶሩ ላይ ነዳጅ የምትመጥን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ወደ ቀኝ ሲያዞሯት ነዳጅ ትቀንሳለች፣ ወደ ግራ ትጨምራለች። በእኛ ወፍጮ ቤት ጢስ ማለት ብክነት ነው። ባለቤቱ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ነገር ካየ "ናፍጣዬን ለሰማይ ትሰፍራለህ?" ይለኝ ነበር። የልጄ መኪና ደግሞ ስትነሳ የምታወጣው ጢስ አይጣል ነው! እና በካቻቢቴ ወደ ቀኝ ትንሽ አጠበቅኋት። ጢሷ ቀነሰ። ደስ አለኝ። በሌላ ጊዜም ትንሽ አጠበቅኋት። ጢሷ ጠፋ። ጀሪካኑ ቆየልኝ።

ከዚያ ግን ባሕርይዋ ተለወጠ። ስትቀዘቅዝ ትነሳለች፤ ጥቂት ትሄድና ስትሞቅ ድምጿ እየቀጠነ፣ እንደ ትንኝ እየጮኸች ቀጥ ትላለች። ካንዴላዋን ፈትቼ ጠረግሁ። የአየር ማጣሪያዋን አጠብኩ። ያው ናት። ምራቄን ጣል ባደርግባት ጠብታዋ ገና ሳታርፍ ዘላ ጠፋች። ፀሐዩ ነው አልኩና ጥላ ሥር ወሰድኳት። ለካ ሰው ማመን የማይፈልገውን ነገር በፀሐይም ያመካኛል።

አወራት ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴን ብታዘብም አወራት ነበር። ወፍጮ ቤት ሰው አይጠፋም። እህል የሚያስፈጩ ሴቶች ተራ እስኪደርሳቸው ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ልጅ ይድራሉ። ሞተሩ ስለሚጮህ ሁሉም የሚያወራው በጩኸት ነው። አሁን ቤቴ ውስጥ የምሰማው የገዛ ማንኪያዬን ድምፅ ነው። እና ሞተሯን "ተነሺ እንጂ፣ ምን አስከፋሽ?" እላት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እንደለመደችው ጮኻ ጠፋች። ስትቀዘቅዝ ገመዱን ብስበው አልንቀሳቀስ አለ። ፒስተኗ ነክሷል፣ ተጣብቆ ቀርቷል። ጓሮዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ቢመጣ ምን ልለው ነው?

ከአጥሬ ማዶ አረቄ የምታወጣ ሴት ትኖራለች፤ እሷም ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ሰላምታችን ከአጥር አልፎ አያውቅም። በፋሲካው ሰሞን ልጄ ሞተሯን ሲያስነሳ ያሰጣችው ብቅል ላይ ጢሱ አርፎባት ጮኻበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እኔም እያፈርኩ ነበር የማልፋት። በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

"አያ ባለወፍጮ፣ ዛሬስ ምነው ዝም አለች?"

"ነከሰችብኝ፣ እታለም።"

"እሰይ! ዶሮዎቼ ከቆጥ ይወርዱልኛላ!" አለችና ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። በበሩ ዞራ መጣች። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ጀሪካኑን ከፍታ አሸተተች።

"ይኼ እኮ የኔው ሙያ ነው!"

"ኧረ እንዳትቀምሺው! ልጄ መርዝ ነው ብሎኛል፣ ዓይን ያጠፋል።"

"የኔንስ ምን የሚሉት መሰለዎት?" አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ከዚያ ሞተሯን አየት አድርጋ፣ "ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ጢስ የት ገባ?" አለችኝ።

"የቱ ጢስ?"

"የልጅዎ ነዋ! ብቅሌን አጥኖብኝ ያንን ሰሞን ያወጣሁትን አረቄ 'ጋራዥ ጋራዥ ይላል' ብለው መለሱልኝ እኮ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እርስዎ ሲያስነሷት ግን ብቅሌ ምንም አይሆን። እኔማ ፈጣሪዬን ሳመሰግን ነው የከረምኩ።"

"እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ነዳጁ እንዲቆይ ብዬ ቀነስኩባት።"

"ለማን እንዲቆይ?"

"ልጄ እስኪመጣ።"

ጀሪካኑን መልሳ ከደነችው። "የሚቆየው ነዳጁ ነው ወይስ መኪናዋ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የወፍጮ ሞተር ዘይቱ ለብቻው ነው፤ ናፍጣ ብትቀንስበት ዘይቱ አይነካም። የዚች ግን ዘይቷ ያለው ነዳጇ ውስጥ ነው፤ ልጄ ነግሮኛል፣ በዓይኔም አይቻለሁ። ነዳጅ ስቆጥብ ለካ ዘይቷን ከልክዬ በደረቅ ስነዳት ኖሬያለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት የኔ ሆነ።

ካንዴላዋን ፈትቼ በቀዳዳው ዘይት ጠብ አደረግሁባት። ሴትዮዋም አልሄደችም፤ ብረቱን እፍ እያለች ጠበቀች። ከሥር ያለችውን ፒስተኗን የምታንቀሳቅስ መዘውር በጣቴ ወዲያና ወዲህ ሳባብላት፣ ሳባብላት፣ ቆይታ ለቀቀች። ገጠምኳትና ካቻቢቴውን አንስቼ ብሎኗን ወደ ግራ መለስኳት። መሃል ላይ ግን አቆምኩ። በዚያ መጠን ከጠጣች ጀሪካኑ እንደማይቆይ አውቃለሁ።

"ይክፈቱላት እንጂ! ሳትጠጣ ከምትሞት ጠጥታ ትለቅ" አለች።

ከፈትኩላት። መቆጣጠሪያውን ለሷ ሰጥቼ ገመዱን ሳብኩ። መጀመሪያ ትን አላት፤ ከዚያ ተነሳች። ነጣ ያለ ጢስ ከኋላዋ ተግተልትሎ ወጣ። ድምጿ የትንኝ መሆኑ ቀርቶ ወፈር አለ። እንደሞቀች ምራቄን ጣል አደረግሁ፤ ጠብታዋ ቴስታታው ላይ ቁጭ ብላ ቀስ ብላ ፈላች።

"ምኑን ልንካው?" ስትል መኪናዋ ከእጄ ተፈትልካ በአጥሩ ሽንቁር ወጥታ የሷ ጌሾ ውስጥ ገባች። "እኔ ደግሞ በስተርጅና ሹፌር!" ብላ ጮኸች። ጢሱ ባሰጣችው ብቅል ላይ ሲወርድ አየሁና ደነገጥኩ።

"ብቅልሽ!"

"ይታጠን! ዘንድሮ ማን ሊጠጣው ነው፣ መንገዱ ተዘግቶ" አለች። እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ግን መጨረሻው ላይ ተሰበረ። ያን ጊዜ ነው እሷም ከአጥሩ ማዶ እንደኔው ሰው ስትጠብቅ እንደከረመች ያወቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ሞተሯን ሳስነሳ ትመጣለች። ጀሪካኑ ባዶ እስኪሆን ከነጢሷ ነዳናት። የመጨረሻውን ነዳጅ ራሷ እስክትጨርሰው ተውኳትና፣ ስትቀዘቅዝ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጨምሬ፣ በባለቤቴ አሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ካርቶኗ ውስጥ መለስኳት። ጓሮው እንደገና ጸጥ አለ። አልዋሽም፣ ያ ጸጥታ ከበደኝ።

ስልኩ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተለቀቀ። የልጄን ድምፅ ሰማሁ። ደህና ነዎት፣ ደህና ነህ ተባባልንና "ሞተሯስ?" አለኝ።

"አለች። ነዳጅህን ግን ጨረስኩብህ።"

"ጢስ ነበራት?"

"የጎረቤታችንን ብቅል ጠይቅ።"

"አሁንም ትሳደባለች እንዴ?" ሲል መስመሩ ተቆረጠ። መልሴን አልሰማውም።

ይህን ስጽፍ ገና አልመጣም። መኪናዋ አልጋዬ ሥር ናት። አለፍ አለፍ እያልኩ አወጣትና ያችን መዘውር በጣቴ አዞራታለሁ፤ ሳትነክስ ለስልሳ ትዞራለች። ነዳጅ የለም፣ ድምፅም የለም፤ ግን በሕይወት ናት። ያን ክፉ ጊዜ ማን አሻገራችሁ ብላችሁ ሁለታችንንም ብትጠይቁን፣ የሞተሯም የእኔም መልስ አንድ ነው፦ በበሩ ዞራ መጥታ "ያ ጢስ የት ገባ?" ያለችን፣ አረቄ የምታወጣዋ ጎረቤቴ።