አረም የተባለው ሣር

ያንን ሣር አረም ነው ያለችው ሪዛሊን ናት፤ ሌላ ማንም አይደለም። ይሄን የምለው ልወቅሳት ብዬ እንዳይመስላችሁ። እሷ ራሷ ሰው ሲያሳብብላት አትወድም።

ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ በወሊድ ስለሞተች ያሳደገቻት አክስቷ ቤኒታ ናት፤ ቲያ ቤኒታ ነበር የምትላት። ቲያ ቤኒታ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ቅርጫቷን አንግታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከመንደሩ ፊት ለፊት ወዳለው የባሕር ሣር ትወርዳለች። ጎንበስ ብላ ሥጋው የሚበላ ዛጎልና ትንንሽ ሸርጣን ስትለቅም ውላ፣ የሚበላውን ለቤት አስቀርታ የተረፈውን ትሸጣለች። የሪዛሊን የትምህርት ቤት ልብስ፣ ደብተሯ፣ ጫማዋ ሳይቀር ከዚያ ሣር ውስጥ ነው የወጣው።

በዚያ ዓመት ማዕበል መጣና የመንደሩን ግማሽ ቤት ጠራርጎ ወሰደ። ወንዙ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት በኩል ያሉት ቤቶች ግን ምንም አልሆኑም። እዚያ ባካው የሚሉት፣ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ ከፊታቸው ቆሞ ማዕበሉን ሰብሮላቸዋል። ይሄን ያየች ልጅ እንዴት አርፋ ትቀመጥ? ሪዛሊን ሃያ ሦስት ተማሪ አሰባሰበችና «ሁለት ሺህ ባካው ሳንተክል እንቅልፍ የለም!» ብላ አስማለቻቸው። ልቧ ንጹሕ ነበር፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ።

ጣጣው የመጣው በቦታው ነው። ባካው የሚወደው የወንዝ ዳር ጭቃ አብዛኛው ድሮ ተቆፍሮ የዓሣ ኩሬ ሆኗል፤ ባለቤቱ ደግሞ ሰው ዝር እንዲልበት አይፈልግም። ሣሩ ግን ባለቤት የለው፣ አጥር የለው። በዚያ ላይ ከመንገዱ ሲያዩት ወለል ብሎ ይታያል፤ ፎቶም ያምርበታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ወርደው መትከል ጀመሩ።

«አረሙን እየነቀላችሁ ትከሉ! ችግኙን እንዳያንቀው!» እያለች ሪዛሊን ትጮኻለች።

ቲያ ቤኒታ ቅርጫቷን እንዳንጠለጠለች መጥታ ቆመች። «ኧረ ልጆች፣ ይሄ ሣር ምን በደላችሁ?» አለች። ከዚያ ወደ ሪዛሊን ዞር ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሪዛዬ፣ እዚህ ዛፍ የሚበቅል ቢሆን ባሕሩ ራሱ ይተክለው ነበር። ስንት ዘመን ዘሩን እያመጣ ይመልሰዋል እኮ።»

«ፕሮፌሰሯ መጡ!» አለ ኖኖይ የሚባል ቀልደኛ ልጅ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

ሪዛሊን ፊቷ ቀላ። የአክስቷ እርጥብ ቀሚስ፣ ጭቃ የለበሰ እግሯ፣ ሁሉም በጓደኞቿ ፊት አሳፈራት። «ቲያ፣ ይሄ ሳይንስ ነው!» አለቻት። «አንቺ ዝም ብለሽ ዛጎልሽን ልቀሚ!»

ሳቁ ባሰ። ቲያ ቤኒታ «እሺ» ብላ ሄደች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? ይኸው አልታሸም።

አራት ወር ሳይሞላ ችግኞቹ አለቁ። ውሃው ውሎ እያደረ ሲያሰጥማቸው ቅጠላቸው ረገፈ፤ እንጨታቸው ደርቆ ቆመ። የተነቀለው ተነቅሎ፣ የቀረው በዚያ ሁሉ እግር ተረግጦ፣ ሣሩም አብሮ ጠፋ፤ በቦታው ልሙጥ ጭቃ ቀረ። ዛጎል ጭቃ ላይ ምን ይሠራል? የቲያ ቤኒታ ቅርጫት ባዶውን መመለስ ጀመረ። ሪዛሊን ስታይባት «ዛሬ ወገቤን ይዞኝ ብዙም አልለቀምኩ» ትላለች እንጂ አትወቅሳትም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ሳለ ከከተማ እንግዶች መጥተው የእነሪዛሊንን የዛፍ ተከላ ክበብ ሊሸልሙ ነው ተባለ። ጉድ ፈላ! ሪዛሊን ያን ቀን ጠዋት ጓደኞቿን ይዛ ወደ ወንዙ ሄደች። ያንን ሰው ያተረፈ ባካው ለምለም ለምለሙን ቅርንጫፍ ቆርጠው አመጡና በሞቱት ቦታ ሰኩት። ፀሐይ ከፍ ሲል ከመንገዱ ለሚያየው አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል።

እንግዶቹ አዩ፤ አደነቁ፤ ፎቶ ተነሡ። ሪዛሊን የምስክር ወረቀቷን እንደያዘች አንደኛው እንግዳ ማይክሮፎኑን ለቲያ ቤኒታ ሰጣት። «እርስዎ ባሕሩን ያውቁታል፤ እንዴት ያዩታል ይሄን ሥራ?»

ሪዛሊን ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። ቲያ ቤኒታ ቅርንጫፎቹን አየች፤ ሪዛሊንን አየች። «ልጆቹ ደክመዋል» አለች። «አንድም ቅዳሜ አልቀሩም።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ምግብ ቀረበ፤ ቲያ ቤኒታም በትልቅ ሳህን የተቀቀለ ዛጎል ይዛ መጣች። «አያችሁ? ዛፍ ሲተከል በረከቱ እንዲህ ነው!» አለ እንግዳው እየበላ። ሪዛሊን አንዱን አነሣች። ትልቅና ነጭ ነው፤ የእነሱ ሣር ውስጥ ያለው ግን ትንሽ፣ ጀርባው ነጠብጣብ ያለው ነው። ይሄንን ለይታ እንድታውቅ በልጅነቷ ያስተማረቻት ቲያ ቤኒታ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ዛጎል ስትሸጥ የኖረች ሴት ገበያ ሄዳ ዛጎል ገዝታለች።

እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያኔ ነበር። ሪዛሊን ግን ወረቀቷን ታቅፋ ዛጎሉን በላች።

እንግዶቹ ሲሄዱ አክስቷን ሳህን ስታጥብ አገኘቻት።

«ቲያ፣ ገዝተሽ ነው አይደል?»

«ታዲያ እንግዳ ጾሙን ይሸኛል?» አለች ቀና ሳትል። «አንቺንስ ምን ይሉሻል?»

ይቅር በይኝ ልትል ፈለገች። ግን ባልዲ አንሥታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። በማግስቱ ብቻዋን ወርዳ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ሥር የያዘ አንድም አልነበረም። ይቅርታውን ነገ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላለሁ ስትል ሦስት ዓመት አለፈ፤ ቲያ ቤኒታ ሞተች። ሣሩ ያኔ ገና አልተመለሰም ነበር።

ዛሬ ሪዛሊን ሠላሳ አምስት ሆኗታል። የዓሣ ኩሬው ባለቤት ጥሎት ሲሄድ መንደሩን ለምና ግድቡን አስፈረሰች፤ ውሃው ገባ፤ ባካውም ማንም ሳይተክለው በቀለ። ሣሩ እየቆየ እየቆየ ግማሽ ያህሉ ተመልሷል። ተማሪዎች ችግኝ ይዘው ሲመጡ ከሣሩ አፋፍ ላይ ቆማ ትመልሳቸዋለች፤ ወደ ወንዙ ይዛቸው ሄዳ ታሳያቸዋለች።

ባለፈው አንዲት ተማሪ ስልኳን ደግና ቀረጸቻት። «ሙያዎን ምን ብለን እንጻፍ? የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ እንበል?»

ሪዛሊን የቲያ ቤኒታን ቅርጫት በክንዷ አንጠልጥላ ነበር። «ዛጎል ለቃሚ በሉኝ» አለች።

ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ያንን ሳቅ በደንብ ታውቀዋለች። አንገቷን ደፍታ ወደ ሣሩ ወረደች።