ከሽንፋ ማዶ ያለችው ጎጆ

ትናንት ሬዲዮው የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ መንገድ እንደቆረጠ ሲናገር ሰማሁና ምሳዬን ትቼ ቁጭ አልኩ። ያንን ወንዝ በደንብ አውቀዋለሁ።

ደርግ ተማሪውን ለዘመቻ ባሠማራ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። እኔ ከመተማ በታች፣ ጋሽ ንጉሤ ከሚባሉ የጤና ረዳት ጋር ተመደብኩ። ሥራችን ፈንጣጣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ እየተከታተሉ መክተብ ነበር። ያ ቆላ በክረምት ደሴት ደሴት ይሆናል፤ ወንዙና ጥቁሩ ጭቃ መንደሩን ሁሉ ለየብቻው ይዘጋዋል። በሽታውም አብሮ ይዘጋል። የምንፈራው ውኃው ሲጎድል ነበር። ያኔ ሰሊጥ ይደርሳል፣ ከጎጃምና ከወሎ የወረደው አጫጅ ከእርሻ እርሻ ይዞራል፣ ኋላም ያገኘውን ሁሉ ይዞ አገሩ ይገባል።

አንድ ቀን ሽንፋ ዳር ስንደርስ አጫጆች የማሽላ ቆሎ እየቆረጠሙ መሻገሪያው እስኪጎድል ይጠብቃሉ። ማዶ ጥቂት ጎጆዎች ይታያሉ። ጋሽ ንጉሤ ተጣሩ።

«የታመመ ሰው አለ ወይ?»

«ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን» አለች አንዲት ሴት።

ይርጋ የሚባል ጎጃሜ ሱሪውን ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ገባ። «ሰማችሁ አይደል? ሰሊጥ አፉን ከፍቶ ከረገፈ ተማሪ አይለቅመውም።»

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ርቦኝ ስለነበር፣ «እንግዲያው እንግዶቻችሁ ነን፣ ምሳ አቆዩልን» ብዬ ጮኽኩ።

ሴትዮዋ ወደ ጎጆዋ ዞራ አየች።

«ዛሬስ ይቅርባችሁ፣ ልጄ። ቤቱ አይመችም» አለች።

አጫጆቹ መቆርጠማቸውን ተዉ። በዚያ አገር ክፉ ወሬ ተቀምጠው እንጂ ከማዶ ጮኸው አይነግሩትም፤ እንግዳ ግን ማንም አይመልስም።

«ይርጋ፣ ውጣ» አሉ ጋሽ ንጉሤ በቀስታ።

«ደህና ነን ብላለች እኮ።»

«እንግዳ መልሳለች።»

ይርጋ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ እንደቆመ ፊቱ ተለወጠ። «ወንድሜ እዚያ ነው። ክረምቱን አረም ሊያርም ቀርቶ።»

«ክንድህን አምጣ። ክትባቱ እስኪይዝልህ ግን አትሻገርም» አሉት ጋሽ ንጉሤ።

«አንተ ተማሪ፣ ወንድም አለህ?» አለኝ ይርጋ። እጁን ይዤ ከውኃው አወጣሁት።

አጫጆቹን ከከተብን በኋላ፣ እኛ ቀድመን የተከተብን ስለሆንን ገመድ ይዘን ተሻገርን። ጎርፉ እስከ ደረቴ መጣ፤ ሁለት ጊዜ እግሬ ከመሬት ለቀቀ። ሴትዮዋ ዘነቡ ትባላለች፤ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ «አትቀየሙኝ፣ እንግዳ መልሼ አላውቅም» አለች። ውስጥ የይርጋ ወንድም ፊቱ በሙሉ በፈንጣጣ አብጦ፣ ዓይኑ ተጋርዶ ተኝቷል። ዘመዷ አይደለም፤ ቅጥር አራሚ ነው። በማንኪያ አጥሚት ታጠጣው ነበር።

ወደ ወንዙ ሮጬ፣ «አለ፣ በሕይወት አለ» ብዬ ጮኽኩ። ይርጋ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

ወንድምየው ዳነ፤ ፊቱ ግን በጠባሳ ተበሳስቶ ቀረ። በየእርሻው ዞረን ስንጠይቅ ከዚያ መንደር የወጣ በሽታ አላገኘንም።

አሁን አርጅቻለሁ። ከብዙ ደጅ ተመልሻለሁ፤ አንዳንዱን እስከ ዛሬ እቀየማለሁ። እንደ ዘነቡ ለእኔው ብሎ የመለሰኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም።