የጫልቱ ፎቶ

ካሜራውን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚከፍቱት ጀርባውን ነው። አሮጌ ካሜራ የሚሰበስቡ ወጣቶች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጡና ሌንሱን ወደ መስኮት አቅንተው ሻጋታ ይፈልጉበታል፣ ቁልፉን ቀጭ ያደርጉታል፣ ከዚያ ጀርባውን ብርግድ። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ የጀርመን ዕቃ አሁን በመብራት ተፈልጎ አይገኝም» ይሉኛል። አይሸጥም እላቸዋለሁ። ካልሸጡት ለምን ያሳዩናል ብለው ያኮርፋሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለምን እንደማሳያቸው እኔም አላውቅም። ብቻ ያ ጀርባ ሲከፈት ጠጋ ብዬ ውስጡን አያለሁ።

ካሜራው የአባዬ ነበር። አባዬ ናዝሬት የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ አዳማን ያኔ ናዝሬት ነው የምንላት። ካሜራውን አንድ የሚሲዮን ፈረንጅ ነው የሰጠው፤ ደርግ መጥቶ ነገሩ ሁሉ ሲከፋ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ። ቡናማ የቆዳ ልባስ ነበረው፤ ሲከፈት ቆዳና የማሽን ዘይት ይሸታል። እኛ ግቢ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት፣ አባዬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ በጨርቅ ሲወለውለው ይውላል። ፊልም ግን ከየት ይምጣ? ቢገኝም ዋጋው እሳት ነበር። ስለዚህ አባዬ ባዶ ካሜራ ያነጣጥርብናል። «ሳቁ!» ይለናል፣ እንስቃለን፣ ቀጭ። ፎቶ የተነሳን ይመስለን ነበር፣ የእኛ ነገር! ታላቅ እህቴ ጫልቱ ብቻ ነገሩ ገብቷት «ዛሬም አየር አነሳን» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ጫልቱ የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ እኔ የመጨረሻ። በመካከላችን የነበረው ዕድሜ ብዙ ስለነበር እንደ እናትም ታዝዘኝ፣ እንደ ጓደኛም ታበሽቀኝ ነበር። ፀጉሬን ስትሠራኝ ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሐል ሰንጋ ይዛ፣ መዝሙር ከአፏ አይለይም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትዘምረው። ጸሎት ቤታችን በደርግ ታሽጎ ነበርና ሁላችንም ዝቅ አድርገን ነበር የምንዘምረው። ጉባኤው በየሰዉ ቤት ተራ በተራ ይደረጋል፤ አንድ ሰው ለጥበቃ ደጅ ላይ ጤፍ የሚያበጥር መስሎ ይቀመጣል።

ጫልቱ የተጠመቀችው በሶደሬ በኩል አዋሽ ወንዝ ወርደን ነው። ለሽርሽር የወጣን መስለን፣ ዳቦና ፓፓያ፣ ኳስ እንኳ ሳይቀር ይዘን። ሽማግሌዎቹ ፎቶ የሚባል ነገር እንዳይነሳ አጥብቀው አስጠንቅቀዋል፤ ፎቶው የተያዘበት ሁሉ ይታሰራል። አባዬም እሺ ብሏል። እሺ ያለው አባዬ ካሜራውን ከዳቦው ሥር ሸሽጎት ኖሯል! አንድ የአዲስ አበባ ወዳጁ ያን ሰሞን አንድ ፊልም ልኮለት ስለነበር አላስቻለውም። እናቴ የሰፋችላት የአቡጄዲ ቀሚስ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተበትኖ፣ ጫልቱ እየሳቀች ከውሃው ስትወጣ አንዴ ቀጭ አደረገ። ከኋላዋ ግማሹ ጉባኤ ቆሟል። አንዱ ሽማግሌ «ወንድሜ፣ ምን ነካህ? ልታስፈጀን ነው?» ብለው ጮኹበት። አባዬ ጊዜው እስኪሻል ድረስ ፊልሙን እንደማያሳጥብ እዚያው ቃል ገባ። ናዝሬት ፎቶ ቤት ወስዶ ማሳጠብ ማለት የዚያን ሁሉ ሰው ፊት በአደባባይ መዘርጋት ነበር። ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ቀረ።

ክረምቱ እንደወጣ ወባ ገባ። ጫልቱ ትኩሳት ጀመራት፣ ሆስፒታል ወሰዷት፣ አልተመለሰችም። መታወቂያዋና ጉርድ ፎቶዋ ያለበት ቦርሳም እዚያው በግርግር ጠፋ። በእጃችን የቀረው የሕፃንነት ፎቶዋ ብቻ ነበር። የጉባኤው ወንድሞችና እህቶች መጥተው «አታልቅሱ፣ እሷ ጌታ ጋ ናት» አሉን። እኛም አላለቀስንም። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ምንጣፉን ታያለች። እኔ ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ጉንዳኖች ሲወጡ ሲወርዱ አያለሁ። ምንም አልተሰማኝም። ደንዝዤ ይሁን ልጅ ሆኜ ይሁን፣ እስከዛሬ አላውቀውም።

ያለቀሰችው አዳዳ ዱሬቲ ብቻ ናት። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ናት፤ የአባዬ ታላቅ ስለሆነች ማንም አይቆጣትም። ጫልቱን ሕፃን ሆና ቡልቡላ ወስዳ ያሳደገቻት እሷ ነበረች። «ያ ኢንተላ ኮ! ልጄን!» እያለች ገባችና ደረቷን እየደቃች ፎቶዋን አምጡልኝ አለች። በእሷ አገር ለቅሶ ቤት ፎቶ ካልወጣ ምን ለቅሶ ነው? አባዬ ካሜራውን አሳያት። «ፎቶዋ እዚህ ውስጥ ናት፣ እቴ። ገና አልወጣችም» አላት። አዳዳ ካሜራውን ተቀብላ ሳመችው።

በማግስቱ አዳዳ ካሜራውን ይዛ ግቢ ወጣች፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከፓፓያ ዛፋችን አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ዙሪያውን ስትደባብስ፣ ስትጎረጉር ቆየችና ጀርባውን ከፈተችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ፊልም ብርሃን ሲነካው እንደሚቃጠል እኔም አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። አንገቷን ደፍታ ውስጡን አየች። ከዚያ ቀና ብላ «የታለች?» አለችኝ።

አባዬ በዚያው ቅጽበት ከቤት ወጣ። በሩ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መጥቶ ተንበረከከና ጀርባውን በሁለት እጁ ገጠመው። አዳዳ ፊቱን አይታ ደነገጠች። «ማሎ፣ አበላሸሁ እንዴ?» አለችው። «ኧረ ምንም አላደረግሽም። አይዞሽ፣ ትወጣለች» አላት። ድምጹ እንኳ አልተለወጠም።

ፊልሙን የአዲስ አበባው ወዳጁ በድብቅ አጠበለት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነው የተመለሰው። አባዬ እናቴንና እኔን አስቀምጦ፣ «ይህን ነገር እህቴ ጆሮ ያደረሰ ከእኔ ጋር አይኖርም» አለ። ከዚያ ወዲያ አዳዳ ቅቤና ወተቷን ይዛ ከቡልቡላ በመጣች ቁጥር ገና ሳትቀመጥ «ጫልቱ አልወጣችም?» ትለዋለች። «ገና ነው፣ እቴ። ጊዜው ይሻል» ይላታል። ስንቴ እንደዋሸላት እኔ ነኝ የማውቀው።

ደርግ ሊወድቅ አካባቢ አዳዳ ታመመች፤ ዓይኗንም ሞራ ጋረደው። ጨርሶ ሳልታወር ልያት ብላ ላከች። አባዬ መልእክቱን ሰምቶ አንድ ሳምንት ሙሉ ባዶውን ካሜራ ሲወለውል ሰነበተ። ከዚያ ፊልም ፈልጎ ገዛና ወደ እኔ ዞረ። ያኔ የጫልቱን ዕድሜ ደርሼ ነበር። እናቴ የአቡጄዲውን ቀሚስ ከሳጥን አውጥታ አለበሰችኝና ፀጉሬን በጣቶቿ በተነችው። አዋሽ ወረድን። ውሃው ውስጥ ገብቼ ስወጣ አባዬ ካሜራውን ፊቱ ላይ እንዳደረገ ቆየ። «ሳቂ» አለኝ። ሳቅ አልመጣ አለኝ። «ሳቂ እንጂ፣ ልጄ፤ እሷ ስቃ ነበር» አለኝ። ሳቅሁ። ቀጭ አደረገና አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያየሁት እንባው ያ ብቻ ነው።

ቡልቡላ ስንደርስ አዳዳ ፎቶውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው። «እሷ ናት! እዩ፣ ሳቋ!» አለች። ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛው አልለቅ አለች። ከዚያ እኔን ጠርታ ፊቴን በሁለት እጇ ደባበሰችና «አንቺ ግን አትመስያትም። እሷ ቆንጆ ነበረች፣ አትቀየሚኝ» አለችኝ። አባዬ ወደ ግድግዳው ዞረ። «አዎ አዳዳ፣ ቆንጆ ነበረች» አልኳት።

ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ለቅሶዋ ላይ ያንን ፎቶ አውጥተው ለሁለቱም አብረው አለቀሱላቸው። እኔ ንፍሮ እያዞርኩ ሰው በእኔ ፎቶ ደረቱን ይደቃል። አንዲት ሴትዮ «ነፍሷን ይማር፣ እህትሽ ናት አይደል?» ብላኝ ንፍሮ ዘገነች። አዎ አልኳት።

አሁን ማንም አይደበቅም። የልጄ ጥምቀት ገንዳ ውስጥ ነበር፤ መዝሙሩ ሠፈሩን ያናውጣል፣ ሁሉም ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። አንዱ ወንድም እንዲያውም አልታየኝም ብሎ ልጄን «ድገም» አለው። ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል። ልጆቼ ጫልቱ ምን ትመስል ነበር ሲሉኝ ያንን ፎቶ አሳያቸዋለሁ፤ ሌላ የማሳያቸው የለኝም። እኔስ? ዓይኔን ጨፍኜ እህቴን አዋሽ ዳር እፈልጋታለሁ፤ እየሳቅሁ ከውሃው የምወጣው እኔው ነኝ።