የጋሽ መዳቡ የድሮ መልክ

ጋሽ መዳቡ ፀጉር ቤት ሲገባ ፀጉር አስተካካዩ ሳይጠየቅ ሁለት ነገር ያደርጋል። መስታወቱ ላይ ፎጣ ይጥላል፤ ከመሳቢያው ደግሞ የደነዘዘውን ምላጭ ፈልጎ ያወጣል። አዲስ ምላጭ ለዚያ አንገት ማባከን ነው።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ወንበሩ አይናከስም» አለው የዚያን ዕለት።

«ተቀምጬ የለም እንዴ?»

«የተቀመጠውስ ቂጥህ ነው። እግርህ ገና መንገድ ላይ ነው።»

እውነቱን ነው። የጋሽ መዳቡ ጉልበት ከገባ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቹ የወንበሩን ክንድ ይቧጥጣሉ። አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ጣሪያው ያያል። ከከተማው አጥር ውጭ ካለው ረግረግ የሚወጡትን አውሬዎች ማደን ከጀመረ ወዲህ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ ተስኖታል። ሥራው ያለ መድኃኒት አይሞከርም። መድኃኒቱ ደግሞ ከገላ ሲወጣ እንዲሁ አይወጣም፤ የሆነ ነገር ይዞ ይሄዳል፣ በቦታው ሌላ ነገር ትቶ ይሄዳል።

በጨለማ እንዲያይ የጠጣው የዓይኑን ነጭ ወሰደበት። አሁን ዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው፤ ውሃ የነካው የወንዝ ጠጠር ይመስላል። መርዝ እንዳይገድለው የጠጣው ከጆሮው ሥር እስከ ደረቱ ድረስ ያለውን ቆዳ አጠንክሮ እንደ አሮጌ መዳብ ቀይና አረንጓዴ አደረገው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። ጉልበት እንዲሰጠው የጠጣው አገጩን ወደ ፊት ገፍቶ ጥርሶቹን አራራቀ። ቅንድብ የለውም። ቅንድቡን የትኛው እንደ ወሰደበት ግን እሱም አያውቅም።

«ሠርጉ እሁድ ነው አይደል?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እየጠረገ። «ታዲያ አንተን ምን ያቁነጠንጥሃል? የምታገባው ልጅህ ናት።»

ጋሽ መዳቡ ልቡን የሚበላውን ነገር አወጣው። ከትናንት በስቲያ ልጁን ሊወስዳት ወደ ሙሽራው እናት ጨርቅ ቤት ሄዶ ነበር። ልጁ እዚያ ልብስ ትሰፋለች። በሩ ላይ ካለው መጋረጃ ውጭ ቆሞ ጫማውን ሲጠርግ የሴትየዋን ድምፅ ሰማ። «አባትሽም ይመጣሉ አይደል? ይምጡ፣ ደስ ይለኛል። ብቻ ሕፃናቱ እንዳይደነግጡ ራቅ ብለው ቢቀመጡ ምን ይመስልሻል?» ልጁ የመለሰችውን አልሰማም። እግሩ ቀድሞ ወስዶታል።

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«ልመለስ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ድሮ መልኬ።»

ምላጩ አየር ላይ ቆመ። «ተው እንጂ! ስንት ዓመት የለመድነውን ፊት? እኔ ራሴ ባይህ አላውቅህም እኮ።»

«ባታውቀኝ ይሻላል። ቢያንስ መስታወቱን አትሸፍንብኝም።»

ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን መላጨት ቀጠለ። ምላጩ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጎተት ሚስማር ሲጢጥ አለ።

ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቀማሚዋ ሄደ። ሴትየዋ ስድብ የማይጎድላት ሽማግሌ ናት። አዳኞቹን ሁሉ ያስጀመረቻቸውም እሷ ስለሆነች እንደ ልጆቿ ትቆጣቸዋለች።

«መመለሻ?» አለችው ከመደርደሪያዋ ሥር ቀና ብላ። «አለኝ። ግን ስማኝ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ አይሠራም። በላዩ የትኛውንም መድኃኒት ከጠጣህ የድሮው ምልክት ሁሉ ባንዴ ይመለሳል፤ ከዚያ እስከ መቃብርህ አይለቅህም። ያኔ መጥተህ ደጄ ላይ እንዳታለቅስ።»

«ማደን አቁሜያለሁ። ወደ ግንበኝነቴ እመለሳለሁ።»

«አንተ? አንድ ድንጋይ አስቀምጠህ ሌላውን እስክታነሳ መንደሩን ትዞረዋለህ!» አለችና ብልቃጡን በወረቀት ጠቅልላ እጁ ላይ አኖረችለት።

ድሮ ግን ጥሩ ግንበኛ ነበር። እጁ የረጋ፣ መልኩም ያማረ። ሚስቱ በበሽታ ስትሞት ልጅቷ ገና ዳዴ ትላለች። ያኔ ነው ረግረጉ ከተማውን ማስጨነቅ የጀመረው፤ እሱም እቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር መፋጠጥ አልቻለምና ከመጀመሪያዎቹ አዳኞች ጋር ተመዘገበ። ልጅቷን ታላቅ እህቱ አሳደገችለት። ልጅቷ አባቷን ለይታ ስታውቅ ዓይኑ ጠቁሯል፤ አፍ ስትፈታ አንገቱ መዳብ ሆኗል። እሷ ግን አንድም ቀን ፈርታው አታውቅም። ጭኑ ላይ ወጥታ በጥፍሯ አንገቱን ታንኳኳለች፤ ኳ፣ ኳ ይላል። «ማነው?» ይላታል። «እኔ ነኝ፣ አባባ አለ?» ትለዋለች። «የለም፣ አሁን ወጣ» ሲላት በሳቅ ትንከተከታለች። ካደገች በኋላም አንዳንዴ እራት ላይ፣ ሐሳብ ይዞት ሲሄድ፣ አንገቱን ኳ አድርጋ ትመልሰዋለች።

አዳኝ መድኃኒቱን የሚጠጣው ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ከተማ ውስጥ ክልክል ነው። ስለዚህ «አጭር ሥራ አለኝ፣ ለሠርጉ እደርሳለሁ» ብሎ ከቤት ወጣና ረግረጉ ዳር ወዳለችው የአዳኞች ጎጆ ሄደ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ መመለሻውን ጨለጠው።

ከዚያ በኋላ ያሳለፈውን ለጠላቱም አይመኝም። አገጩ ወደ ኋላ ሲመለስ ጥርሶቹ እርስ በርስ ተጋፉ። የአንገቱ ቆዳ እንደ አሮጌ ቀለም እየተቀረፈ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሲነጋ ሲመሽ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ፣ ሲተኛ ሲነሳ ቆይቶ፣ በሠርጉ ዋዜማ ወጥቶ ደጁ ላይ ባለ የባልዲ ውሃ ውስጥ ፊቱን አየ። አንድ ቆንጆ፣ ባለ ቅንድብ ሰውዬ በድንጋጤ አየው። እሱ ራሱ ሚስቱን ያገባ ዕለት የነበረው ሰው ነው፤ ሽበት ብቻ ጨምሯል። ጋሽ መዳቡ ሳቀ። ጥርሱን ለማየት ደግሞ ሳቀ። ከረጢቱን አንግቶ መንገዱን ሩጫ በሚመስል እርምጃ ተያያዘው።

የከተማው በር ላይ ያለው ዘበኛ ግን አልሳቀም።

«ጋሽ መዳቡ ነኝ ነው የምትለው?»

«ነኝ እንጂ! ድምፄን አታውቀውም? ይሄን በር ከነማጠፊያው የገነባሁት እኔ ነኝ።»

«ድምፁስ የሱ ነው» አለ ዘበኛው ጦሩን ሳያወርድ። «እስቲ ግባ ወደዚያ ክፍል።»

የብረት ፍርግርግ ያላት ትንሽ መስኮት ያለችው ክፍል ውስጥ ሲቆለፍበት ነው ምን እንዳደረገ የገባው።

ረግረጉ ውስጥ መሳይ የሚሉት አውሬ አለ። የገደለውን ሰው መልክ፣ ድምፅና ትዝታ ለብሶ በሰው እግር ወደ ከተማ ይመጣል። መልበስ የማይችለው አንድ ነገር መድኃኒቱ አዳኙ ገላ ላይ የሚተወውን ምልክት ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ለመሳይ መርዝ ነውና። ለዚህ ነው ከረግረጉ የተመለሰ አዳኝ ሁሉ እዚህ ክፍል የሚገባው፤ ዘመዱ ተጠርቶ በመስኮቱ አይቶ «የኛ ነው» ሲል ነው የሚለቀቀው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ማንም የኔ ካላለው እንዲገድሉት አዳኞች ይጠሩበታል። ለዘበኞቹ ይህን እየደጋገመ ያስተማረው ደግሞ ማንም አይደለም፣ ጋሽ መዳቡ ነው። «ንጹሕ ፊት ይዞ የመጣ አዳኝ ካያችሁ፣ እኔም ብሆን እንዳትከፍቱ!» ይላቸው ነበር። ወደ ቀማሚዋ ሲሮጥ ያቺ ምክር ከጭንቅላቱ ብን ብላ ጠፍታለች።

መጀመሪያ መስኮቱ ላይ የመጣችው ታላቅ እህቱ ናት። አይታው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ወንድሜ! ልክ ባገባህበት ቀን እንደ ነበርከው!»

«እታለም፣ በይ ንገሪያቸው!»

«እማማ፣ እሱ እኮ ነው ችግሩ» አላት ዘበኛው በትሕትና። «እንዲህ መሆን አልነበረበትም።»

ልጁ ተከትላ መጣች። የሠርጉን ልብስ እየለካች ነበር መሰለኝ፣ እጅጌዋ ላይ መርፌ ተሰክቷል። ፍርግርጉን ይዛ ቅንድቡን፣ የዓይኑን ነጭ፣ ለስላሳ አንገቱን አየች። ብዙ አየችው።

«የኔ እናት፣ እኔ ነኝ» አላት። «ኳ ኳ ስትዪ ‹የለም፣ አሁን ወጣ› የምልሽ።»

ልጅቷ እጇን ከፍርግርጉ ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው ነጠቀች። «ትዝታውንም ወስዶበታል!» አለች ወደ ዘበኛው ዞራ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ተመልሳ ጮኸች። «አባቴን የት አደረስከው? ምን አደረግከው? ንገረኝ፣ አባቴን በላኸው?»

እህቱ ልትይዛት ሞከረች፤ አልተያዘችም። በሁለት እጇ ብረቱን እየመታች ታለቅሳለች።

ጋሽ መዳቡ ከግድግዳ ግድግዳ መመላለስ ጀመረ። ዘበኛው ወደ ፀሐይዋ አየ። ከረጢቱ ውስጥ አንድ የመርዝ መከላከያ ብልቃጥ አለ። ያለ ብልቃጥ ከቤት መውጣት ለእሱ ያለ ሱሪ መውጣት ነው። ቢጠጣው ምልክቱ ይመጣል፤ መሳይ ቢሆን ደግሞ እዚያው ይሞታል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ግን በመመለሻው ላይ ነው የሚጠጣው። አገጩን ዳሰሰ። ቅንድቡን በጣቱ ጫፍ ዳሰሰ። እሁድ በዚህ ፊት ከፊት ወንበር ሲቀመጥ ስንቴ አስቦት ነበር!

ውጭ ልጅቷ «አባቴን መልሱልኝ» አለች፤ ድምፅዋ አሁን ዝግ ብሏል።

ቡሹን በጥርሱ ነቀለውና ጨለጠው።

ዘበኛው «ምን ጠጣ?» ብሎ ሳይጨርስ ጋሽ መዳቡ ተንበረከከ። የዓይኑ ነጭ ከጥጉ ጀምሮ እንደ ፈሰሰ ቀለም ጠቆረ። ቅንድቡ ጭኑ ላይ ረገፈ። አገጩ ሲንቋቋ እህቱ ፊቷን አዞረች። ልጅቷ ግን አላዞረችም። ቀይና አረንጓዴው ከጆሮው ሥር ተነስቶ እስከ ደረቱ ሲወርድ እያየች ቀስ በቀስ ማልቀሷን አቆመች።

እየተንፏቀቀ መስኮቱ ጋ ደርሶ አንገቱን ብረቱ ላይ አስደገፈ። መናገር አልቻለም። ጥፍሯን በፍርግርጉ አሾልካ ነካችው።

ኳ፣ ኳ።

«የለም» አለ በመከራ፣ «አሁን ወጣ።»

«የኛ ነው!» አለች ዘበኛው ላይ እየጮኸች። «ምን ትገተራለህ፣ ክፈት እንጂ! የኛ ነው!»

ወደ ቤት ሲሄዱ ክንዱን ይዛ መንገዱን ሁሉ ቁጣዋን አወረደችበት። «ማን ተመለስ አለህ? ማንን አማክረህ ነው? ሳትታወቅ ብትቀርስ ኖሮ?» እሱም ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ የሰማውን ነገራት። መታጠፊያው ላይ ግን ወደ ቤት አልታጠፈችም፤ ክንዱን እየጎተተች ወደ ጨርቅ ቤቱ ወሰደችው።

«ተይ፣ ዛሬ አይሆንም። ቆዳዬ ገና እየተላጠ ነው» አላት።

«ይላጥ።»

መጋረጃውን ገልጣ አስገባችው። የሙሽራው እናት ጨርቅ ላይ መቀስ ይዛ ነበር፤ መቀሱ መሀል ላይ ቆመ።

«እማማ፣ አባቴ ነው» አለች ልጅቷ። «ነገ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። የሚደነግጥ ሕፃን ካለ ዛሬ አምጥተው ያለማምዱልኝ።»

ሴትየዋ ጥቁሩን ዓይን፣ አገጩን፣ የሚላጠውን አንገት አየች። ማመንታቷ ፊቷ ላይ ይታያል። መቀሱን አስቀመጠችና ወንበር ጎተተች፤ ትንሽ ሩቅ ነበር ያስቀመጠችው፤ ከዚያ አስባ ጠጋ አደረገችው።

«ይቀመጡ እንጂ አባት።»

ጋሽ መዳቡ ተቀመጠ። ጉልበቱ ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዓይኑ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ጣሪያው ሄደ። ነገ ሙሉ ቀን እንዲህ ተቀምጦ መዋሉ ትዝ ሲለው ላብ አጠመቀው።