የሽማግሌው አዲስ ሽቦ

የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ዛሬም ድረስ ያስሮጠኛል። በቅርቡ በምሠራበት ቢሮ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መጨስ ጀምሮ፣ ሌሎቹ እየሳቁ መስኮት ሲከፍቱ እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ደረጃው ጋ ደርሼ ነበር። ፈሪ ቢሉኝ አልፈርድባቸውም። ያ ሽታ ለእኔ የአባቴ ጃኬት ሽታ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ አብነት ሰፈር የነበረው ቤታችን ነው።

አባቴ ሰይድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መኪናው ከእናቴም ዕድሜ የሚበልጥ ስለነበር እቤት ውስጥ «ሽማግሌው» እንለው ነበር፤ ከአዲስ አበባ ስኳርና ሳሙና ጭኖ ወደ ደሴ ይሄዳል፣ ሲመለስ ደግሞ ማሽላ ጭኖ ይመጣል። እናቴ በሁለት ክፍል ቤታችን መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። አባቴ መንገድ በወጣ ቁጥር መርፌ ትሰብራለች። እኔም የመርፌውን መሰበር ስሰማ፣ «አሁን የጣርማ በር ገደል ጋ ደረሰ ማለት ነው» እል ነበር።

በዚያ ዓመት በልጉ እንደገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። የጣርማ በርን ቁልቁለት በጉም ውስጥ እየወረደ ሳለ ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ተነሥቶ መብራቱ ሁሉ ባንዴ ጠፍቶበት፣ ከኋላ የሚመጣ መኪና እንዳይገጨው ረዳቱን በሩጫ ወደ ኋላ ልኮ፣ መንገዱ ላይ ድንጋይ ደርድሮ፣ ጉሙ እስኪገፈፍ እዚያው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር። «አላህ አተረፈኝ» አለና ጃኬቱን በሩ ላይ ሰቀለው። እናቴ ያን ጃኬት ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ሽታው ግን ሊለቅ አልቻለም። በሦስተኛው ጊዜ እያሰጣችው፣ «ወይ ሽጠው፣ ወይ ሽቦውን ከነሥሩ አስቀይረው፤ ሌላ የምሰማው ነገር የለም» አለችው።

ግንቦት ላይ ጋሽ ወልዴ ሁለት ጥቅል ሽቦ ተሸክመው ግቢያችን መጡ። ጋሽ ወልዴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ፣ የአባቴ የብዙ ዘመን ወዳጅ፣ አፋቸው ከእጃቸው የሚፈጥን ሰው ነበሩ። አንደኛው ጥቅል ከሽማግሌው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነና ከወደቀ መኪና ላይ የተፈታ ነበር። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ የመኪናው ፋብሪካ የሠራው ሳይሆን ሌሎች ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን ብለው የሚሠሩት፣ ያብረቀርቃል፣ ቀለሞቹ ግን ከሽማግሌው ቀለሞች ጋር ጨርሶ አይተዋወቁም።

አባቴ እጁን ከአሮጌው ላይ አላነሣም። «ይሄን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» አለና በመቁጠሪያ እንደሚደገም ዚክር ቆጠረልን፦ «ሰማያዊው የፊት መብራት፣ ቢጫው የኋላ፣ ቀዩ የፍሬን፣ አረንጓዴው የፍሬቻ።»

ጋሽ ወልዴ የአሮጌውን ጫፍ ይዘው ጠመም ሲያደርጉት ፕላስቲኩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«እንደ ብስኩት እኮ ነው ሰይድ! ይሄን አስሬልህ ቁልቁለት ከምትወርድ ሙያዬን ብተው ይሻለኛል።»

«ቀለሙስ? መንገድ ላይ ቢበላሽ የቱን ከየቱ ልቀጥል ነው?»

«ለሱ ነው የምትጨነቀው? የተማረች ልጅ አለችህ አይደል! ሰሚራ ጨርቅ ላይ ስሙን በፊደል ትጻፍልህ፣ እናቷ በየጫፉ ትስፋው። እያነበብክ ትቀጥላለህ።»

አባቴ ሽቦውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ጋሽ ወልዴን አየና «እንዴታ» አለ። የእናቴ የስፌት መኪና ድምፅ ቆሞ ነበር። እኔ ግን ኩራት ሊያፈነዳኝ ደርሶ ስለነበር ይሄን ልብ ያልኩት ኋላ ነው።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሥራዬን ጀመርኩ። ከነጭ ጨርቅ በተቆረጡ ጣት በሚያህሉ ቁራጮች ላይ «የፊት መብራት»፣ «የፍሬን መብራት» እያልኩ፣ ምላሴን አውጥቼ፣ ለፈተና እንኳን ባልጻፍኩት ቁም ጽሕፈት ጻፍኩ። እናቴ ተቀብላ በየሽቦው ጫፍ ትሰፋዋለች፤ ግን አንዱን በሰማያዊ ክር፣ ሌላውን በቢጫ፣ ሌላውን በቀይ እየዘመዘመች ነጩን ጨርቄን አዥጎረጎረችብኝ።

«እማዬ፣ ነጭ ክር ሞልቶሽ ለምን ታበላሺብኛለሽ?»

«ያለኝ ክር ይሄ ነው» አለችኝ፣ ያልተጀመረ የነጭ ክር ጥቅል ጭኗ ላይ ተቀምጦ ሳለ። ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጋሽ ወልዴ ሽቦውን ገጥመው ጨረሱና የትኛው ፊውዝ የየትኛው መብራት እንደሆነ በወረቀት ጽፈው ሰጡን። በመነሻው ጠዋት እየዘነበ አባቴ ከውጭ ተጣራ፦ «ሰሚራ፣ የወልዴን ወረቀት አምጪልኝ!» ሮጬ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች በእርጋታ ተመለከተው፣ ከንፈሩንም አንቀሳቀሰ፣ «ደህና አድርጎ ጽፎታል» አለና አጥፎ ጃኬቱ ኪስ ከተተው። ሽማግሌው እያጓራ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አስተማሪዬ ያመሰገነችልኝን ስለ ዶሮ ጥቅም የጻፍኩትን ድርሰት ለጓደኛዬ ላሳያት ስፈልገው አጣሁት። እሱን ስፈልግ የጋሽ ወልዴን ወረቀት እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እናቴ ክሮቿን ከምታኖርበት ጣሳ ሥር አገኘሁት።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ግን ገባኝ፦ ጠዋት ያቀበልኩት ድርሰቴን ነበር፣ እሱም አይቶ «ደህና አድርጎ ጽፎታል» ብሏል። ካርዴን ባመጣሁ ቁጥር «ደረጃሽን ከአፍሽ ልስማው» የሚለኝ፣ ደብዳቤ ሲመጣ «አንቺ አንብቢው፣ መነጽሬን ረሳሁ» የሚለኝ አባቴ፣ በሕይወቱ መነጽር ኖሮት አያውቅም። እኔ ምላሴን አውጥቼ የጻፍኩት ሁሉ ለእሱ የጉንዳን መንገድ ነው። የሚያውቀውን ሽቦ ትቶ የማያውቀውን የመረጠው በጋሽ ወልዴና በእኔ ፊት አፍሮ ነው፤ አሁን ደግሞ ጣርማ በርን የሚወርደው የዶሮ ድርሰት ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው።

ለእናቴ መናገር አልቻልኩም። እሷም የማታውቅ መስሎኝ ነበርና፣ ብናገር አባቴን የማጋልጠው መሰለኝ። አራት ቀን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የከባድ መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እየሮጥኩ፣ ሌላ መኪና ሆኖ ሲያልፍ እየተመለስኩ፣ እንጀራው አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነብኝ። እናቴ ግንባሬን ዳሰሰችና «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ምንም» አልኩ። በማግስቱ ሁለት መርፌ ሰበረች።

በአምስተኛው ቀን ምሳ ላይ አባቴ መጣ። ጭቃውን ታጥቦ ተቀመጠና እየበላ፣ «ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር። የፊት መብራቱ ጠፋብኝ» አለ። ጉርሻዬን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔን ሳያይ፣ ለእናቴ ብቻ፣ «ሰማያዊው ክር ላልቷል፤ አጥብቀሽ ስፊው» አላት።

«እሺ» አለች። ወጥም ጨመረችለት።

የክር ጣሳውን ዞሬ አየሁት። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። አባቴ ግቢ ውስጥ የቆጠረው ዚክር ነበር። አባቴ ከኪሱ የታጠፈውን ወረቀት አውጥቶ «የወልዴን ወረቀት ቦታው መልሺው፤ ጽሑፍሽ ጠቅሞኛል» አለኝ። ዶሮዬን ተቀብዬ ቦታው መለስኳት፤ ከዚያ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ዛሬ ሽማግሌው የለም፣ የአብነት ቤታችንም ፈርሷል፣ እናቴም ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። አባቴ ከእኔ ጋር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። የመድኃኒት ጠርሙሶቹ አንገት ላይ ከእናቴ ጣሳ የተረፉ ክሮች አስሬያለሁ፤ ቢጫው የጠዋት፣ አረንጓዴው የቀን፣ ሰማያዊው የማታ። እንግዳ «እንዴት ይለዩታል?» ብሎ ሲጠይቀው «ልጄ ጽፋልኛለች» ይላል፤ እኔም እንደ እናቴ ዝም እላለሁ። ያን ጊዜ ፊደል አለማወቁ ይገድለዋል ብዬ እፈራ ነበር፤ እናቴ ስለነበረች ፍርሃቴ አምስት ቀን ብቻ ቆየ።

ባለፈው እሑድ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ጠርሙስ በሁለት እጁ ይዞ መስኮቱ ጋ ብዙ ቆየ። ወደ ብርሃኑ አስጠጋቸው፣ አራቃቸው። ስገባ ሰማኝና ፈገግ አለ።

«ሰሚራ፣ መነጽሬን ረሳሁ» አለኝ።

ጠርሙሶቹን ተቀበልኩት። በሰማያዊው ክር ላይ በጣት የሚዳሰሱ ሦስት ቋጠሮዎች ቋጠርኩበትና መልሼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።