የአባቴ ሁለተኛ ቀለበት

ብረት ከቆርቆሮ ጋር ሲነካካ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ከእኔ ቀድሞ በር ሊከፍት ይነሣል። የጎረቤት ልጅ በማንኪያ የጣሳ ቂጥ ቢመታ ወይም ባለሱቁ መዝጊያውን በቁልፍ ቢቆረቁር፣ ያቺ ደረቅ «ጠቅ፣ ጠቅ» የምትል ድምፅ ጆሮዬ ገብታ ወደ ድሮው የአዳማ ቤታችን ይዛኝ ትሄዳለች። አባቴ ከሐዲድ ሥራው ሲመለስ በራችንን የሚያንኳኳው የቀለበት ጣቱን አጠፍ አድርጎ ነበር፤ በሩም የነዳጅ ጣሳ ተዘርግቶ የተመታበት ስለነበረ ድምፁ እስከ ጓሮ ይሰማ ነበር፣ እናቴም እጇ በእንዶድ አረፋ እንደተነከረ ቀና ብላ «መጣ» ትል ነበር። ሌላ ሰው ሲያንኳኳ «ማነው?» ትላለች፤ አባባን ግን አንድም ቀን ማን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም።

ያኔ አዳማ ከባቡር ጣቢያው ጎን የበቀለች፣ ከተማ ለመባል ገና የምታፍር የአቧራ መንደር ነበረች፤ ናዝሬት የሚለው ስም እንኳ አልመጣላትም። እናትና አባቴ ለባቡሩ ሥራ ብለው ከምንጃር ወርደው ነው የሰፈሩት፣ እማዬም ቆላውን እስክትሞት ድረስ አልወደደችውም። ሙቀቱም፣ ነፋሱም፣ የውሃው ጣዕምም ጥፋቱ የአባቴ ይመስላት ነበር። የምትጽናናበት ነገር ቢኖር በተክሊል መጋባቷ ነው። ጨው ልትበደር ጎረቤት ብትሄድ እንኳ ወሬውን ጠምዝዛ እዚያ ታደርሰዋለች፤ ካህኑ፣ አክሊሉ፣ የብር ቀለበቶቹ፣ ሁሉም በየተራ ይነሣሉ። ሌሎቹ የሐዲድ ሠራተኞች ሚስቶች ይህን ታሪክ ከእሷ እኩል በቃላቸው ያውቁት ነበር።

ከእኔ በኋላ የተወለዱት ሁለቱ ስላልቆዩላት፣ ሦስተኛው ሲመጣ ዘለቀ ተባለ። በሚያዝያ መራመድ ጀመረ። ሐዲዱ ከጓሯችን ብዙም ስለማይርቅ፣ አባባ አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ አተር አተር የሚያህሉ ቃጭሎች የተንጠለጠሉበት የብር አልቦ አሠራና በቀኝ እግሩ ላይ አጠለቀለት። ከዚያ ወዲያ ያ ክረምት በሙሉ የቃጭል ክረምት ሆነ። የኔ ሥራ ድምፁን መከተል ነበር፤ ከአልጋ ሥር ከመጣ ሰላም ነው፣ ከጓሮ ከመጣ መሮጥ አለብኝ፣ ዝም ካለ ደግሞ አንድ ነገር አፉ ውስጥ ከትቷል ማለት ነው።

በጥቅምት ዝናቡ አልቆ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቀር ንዳድ ገባ። አባባ ወደቀ፣ እማዬ ወደቀች፣ ዘለቀም ወደቀ። እማዬ የአንገት ድሪዋን ሸጣ ኪኒን አስመጣች፤ ለአባባና ለእሷ ደረሰላቸው፣ ለልጁ ግን አልደረሰለትም። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ፣ ወተት የምታመጣልን የአርሲ ሴት፣ ከእማዬ ጋር ሆና አጥባ ገነዘችው። እማዬ ከመደቡ መነሣት ስላቃታት ወደ ቀብሩ የወሰደችኝ እሷ ነች፤ እጄን ይዛ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ቆመች፣ እኔም በእንጨቶቹ መካከል አየሁ።

ያየሁት ይህን ነው። አባባ ንዳዱ አጥንቱን ብቻ ትቶለት፣ ጋቢው እንደ ተውሶ ልብስ ተንጠልጥሎበት፣ አፈር ሊበትን ጎንበስ አለና ድንገት እጁን ሰበሰበ። አካፋ የያዙት ሰዎች ቆሙ። ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ጥቂት ተመለከተ፣ ግራ እጁን በቀኝ እጁ ሸፈነ፣ ከዚያም «አልብሱት» አለ። አፈሩን መለሱት። ምን አይቶ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

በማግስቱ የዘለቀን ልብሶች ሰብስቦ ለነዳያን ሊሰጥ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «አልቦውስ?» አለ።

«እግሩ ላይ ነው፤ አብሮት ሄደ» አለች እማዬ።

ውሸት ነበር። አልቦው በጥጥ ሙዳይዋ ውስጥ፣ ከባዘቶው ሥር ነበር። እማዬ ዐይኔን አየችኝ፣ እኔም ዐይኔን ወደ ምድጃው አዞርኩ። ቆየት ብላ ጣቱን አየችና «ቀለበትህስ?» ስትለው እሱም «ከስቼ የለ፤ ወልቆ ወድቋል» አላት። የት እንደሆነ ስትጠይቀው «እንጃ» ብሎ ወጣ። ቤቱን ጠረገች፣ አመዱን በወንፊት ነፋች፣ እኔንም ጠጠር ለጠጠር እንድፈልግ ወደ ሐዲዱ ሰደደችኝ፤ የተገኘ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ኅዳርና ታኅሣሥ ዛሬም ሳስበው ይበርደኛል። አባባ በመዳፉ ነበር የሚያንኳኳው፤ እማዬ በመዳፍ ሲንኳኳ አታውቀውምና «ማነው?» ትለዋለች፣ እሱም ደጅ ቆሞ ዝም ይላል። ሁለቱም ይህን ነገር ተላምደውት አያውቁም። ማታ ማታ ስንበላ ደግሞ፣ ነፋስ ይሁን ድመት ሙዳዩን ነካ ያደርገውና «ቅል» የምትል ድምፅ ከጓዳ ትመጣለች። አባባ እጁን ከመሶቡ ያነሣል።

«ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«የልጁን...»

«ነፋስ ነው» ትላለች እማዬ፣ ፊቷን ሳታነሣ።

አንዳንዴም ነፋስ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ አባባ የለም ብላ ስታስብ ሙዳዩን ከፍታ አልቦውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በአንድ ጣቷ ትነካካው ነበር። አንድ ቀን እሱ ሳይታሰብ ቀድሞ መጥቶ ግድግዳው ሥር ቆሞ ሲሰማ አየሁት። ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። ሳይገባ ተመልሶ ወደ ጣቢያው ሄደ፣ ከዚያ ቀን ወዲያም እዚያው ከዘበኞቹ ጋር ማደር አበዛ። ልጁ ቤቱን አልለቅ ብሎ በየጥጉ የሚራመድ ይመስለው ነበር። እኔስ አይመስለኝም ነበር? ሙዳዩ ውስጥ ያለውን እያወቅሁ፣ ድምፁ ሲመጣ እግር አብሮት እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኝ ነበር።

እማዬ ግን የባሏን መራቅ ሁሉ በባዶው ጣት አሳበበች። አዋሽ ወርደው ሌላ ሚስት አግብተው ሌላ ቤት የሠሩ የሐዲድ ሰዎች ነበሩ፣ ወሬያቸው ከባቡሩ እኩል ይመላለስ ነበር። «ቃል ኪዳኑ ከጣቱ ሲወልቅ ቤቱም ከልቡ ወለቀ» ብላ ለአዴ ጫልቱ ስታለቅስ ሰምቻለሁ። አዴ ጫልቱ ሁልጊዜ እንደምትጠራት «ሃደ ዘለቀ» አለቻት፤ የዘለቀ እናት ማለቷ ነው። ልጁ ከሞተ በኋላም አልተወችውም፣ እማዬም ተዪው አላለቻትም። «ሃደ ዘለቀ፣ ቀለበት ጠፋ፤ ሌላ ግዢ። ሰው ሳይጠፋ ግዢ።»

ስለዚህ በታኅሣሥ ማብቂያ ገበያ መዞር ጀመርን። እማዬ ያላትን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እኔን አስከትላ ትወጣለች፤ ቋጠሮዋ ትንሽ ስለነበረች በገባንበት ሁሉ ቀድማ ትደነፋለች። የዓረቡ ሱቅ ውስጥ በሲባጎ የተሰኩ የነሐስ ቀለበቶች ነበሩ። ዓረቡ «ከወርቅ አይለይም» እያለ ማለ፤ እማዬ በምራቋ አርጥባ በነጠላዋ ስታሸው አረንጓዴ ወጣ። «የባለቤቴ ጣት ጎመን አይደለም» ብላው ወጣች። ጣቢያው አጠገብ ያለው ግሪክ የወርቅ ቀለበት በመስታወት ውስጥ አስቀምጦ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ብዙ ካየች በኋላ «ውስጡ ጨለማ ነው፣ ዕቃ አያሳይም» ብላ መለሰችኝ። ፀሐዩ እስከ ግድግዳው ድረስ ገብቶ ነበር።

በሦስተኛው ገበያ ግን ልክ የሆነ አገኘን። አንዲት ሴት በመሀረብ ላይ አንድ የብር ቀለበት ብቻ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ንጹሕ ብር ነው፣ ዋጋውም ለቋጠሯችን ይበቃል። እማዬ አነሣችው፣ መዘነችው፣ ፊቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈታ አለ። ከዚያ «የማን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«የባሌ። ዐረፈ፣ እቴ።»

እማዬ ቀለበቱን እንደ ፍም ጣለችው፤ መልሳ ደግሞ አፍራ አነሣችውና በሁለት እጇ አቀበለቻት። የሌላ ሴት ሐዘን በራሷ ባል ጣት ላይ እንዲቀመጥ አልፈለገችም። ቤት ደርሰን ከተቀመጥን በኋላ ዐይኗ ወደ ሙዳዩ ሄዶ እዚያው ቀረ።

እሑድ ቀትር ላይ አባባ ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ጋደም ሲል፣ ከምትፈትለው ክር ቆርጣ የቀለበት ጣቱን ለካችና ልኩ ላይ ቋጠረች። ሰኞ ወደ አንጥረኛው ሄድን።

ጋሽ ሙሄ የወሎ ሰው ነበሩ፣ ከገበያው ዳር በዳስ ሥር ወናፋቸውን ተክለው ይሠሩ ነበር። በእሳቸው ዘንድ ደንብ ነበር፤ ብር ያመጣ ሰው ከፊታቸው ተቀምጦ እስኪቀልጥ ድረስ ዐይኑን አይነቅልም። አንጥረኛ ብር ለወጠ፣ ብር ሸረፈ የሚባል ሐሜት ስለማያጣቸው በዚህ ደንብ ቀልድ አያውቁም። እማዬ አልቦውን ከመሀረብ ፈትታ ስታቀብላቸው፣ እሳቸው በመዳፋቸው ይዘው አገላበጡት። እንዲህ የምታህል እግር የስንት ዓመት ልጅ እንደምትሆን እጃቸው ያውቃል።

«ባለቤቱ አደገና ጠበበው?» አሏት፣ ቀስ ብለው።

«አዎን» አለች እማዬ። «ጠበበው።»

ሌላ አልጠየቁም። ክሩን አይተው ግን «ሰውየው ታሞ ነበር እንዴ? ይህ የከሳ ጣት ነው። ሥጋው ሲመለስ አይወልቅለትም፣ ትንሽ ላስፋው» አሉ።

«አያስፉት። ይጥበቀው።»

«ቃጭሎቹንስ ላስቀርልሽ?»

«ምንም አይቅር።»

ወናፉ መተንፈስ ጀመረ፣ ከሰሉ ቀላ፣ ጋሽ ሙሄም አልቦውን በጉጠት ይዘው ወደ ማቅለጫው ሸክላ አስጠጉ። «ዐይንሽን ወደዚህ፣ እቴ። ኋላ ብሬን ወሰደብኝ እንዳትይ።» እማዬ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ዞረች። «እሷ ታያለች» አለችና እኔን በትከሻዬ ወደፊት ገፋ አደረገችኝ።

አየሁ። ቃጭሎቹ መጀመሪያ ቀሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ፣ መጨረሻ ላይ አልቦው ራሱ ሰነፈና በሸክላው ውስጥ እንደ ወተት ተኛ። እማዬ ጀርባዋን እንደሰጠች «አለቀ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «አለቀ» አልኳት።

የጥምቀት ዋዜማ ካህኑ ጸሎት አድርሰውበት አባባን አስቀምጣ አጠለቀችለት። አንጓው ላይ ስለያዘ ገፋ አድርጋ አሳለፈችው። «ከየት አመጣሽው?» ሲላት «አሠራሁት» አለች። «ብሩስ?» ሲላት «ነበረኝ» ብላ ተነሣች። በማግስቱ ማታ በሩ «ጠቅ፣ ጠቅ» አለ፤ እማዬ «መጣ» ስትል ድምፏ ተሰበረ።

አባባ ቤቱ ገባ። በየካቲት ከእኛ ጋር ማደር ጀመረ፣ በመጋቢት ጓሮውን አጠረ፣ ፋሲካ ሲደርስ ጉንጩ ሞልቶ ነበር፣ ቀለበቱም ጋሽ ሙሄ እንዳሉት ጣቱ ውስጥ ተቀበረ። እማዬ ድል አደረግሁ ብላ በጎረቤት ሁሉ የተክሊሏን ታሪክ እንደ አዲስ ጀመረች። እኔ ብቻ ሌላ ነገር አይ ነበር። ማታ ስንበላ አባባ እጁን ከመሶቡ አንሥቶ ያዳምጣል፤ የሚመጣ ነገር የለም፤ እጁን ይመልሳል። መጀመሪያ ፈርቶ የሸሸውን ድምፅ አሁን ይጠብቀው ነበር።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ባለበት አንድ ምሽት፣ እንዲህ አለ፦ «ሄደ መሰለኝ። በፊት ይመጣ ነበር፣ እኔ ነኝ የሸሸሁት። አሁን ቤቱ ጭር አለ።» ራሱን እንደደፋ ቀጠለ። «ቀለበቱ የት እንደወደቀ አውቃለሁ። አፈር ስበትን ወለቀ። ሲወድቅ አይቼዋለሁ፤ አውጡልኝ ማለት እችል ነበር። ብቻውን ከሚሆን የኔ ነገር ከእሱ ጋር ይሁን ብዬ ተውኩት። የተባረከውን ቀለበትሽን ነው የተውኩት። ማሪኝ።»

እማዬ ተነሣች። ከዚያ አጠገቡ ሄዳ ግራ እጁን አነሣች፣ በፊቱ የነበረውን የውሃ ጣሳ በቀለበቱ አንዴ መታች፣ እጁንም ወደ ጆሮው አስጠጋችለት።

«የትም አልሄደም» አለችው። «ብሩ የማን እግር ላይ እንደነበረ ጠይቀኝ።»

አልጠየቃትም። ቀለበቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያም አባቴ ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። እማዬ ራሱን ይዛ «ዋሽቼሃለሁ፣ ዋሽቼሃለሁ» ትል ነበር። እኔ የደስታ ይሁን የሐዘን ሳላውቅ አብሬያቸው አለቀስኩ።

አባባ ካረጀ በኋላ ሲሞት፣ አጣቢዎቹ ቀለበቱን በሳሙና ሊያወጡ ሞከሩ፤ አልወጣም። መቁረጫ እናምጣ ሲሉ እማዬ «ተዉት፣ የሚያደርሰው ሰው አለው» አለች። ዘለቀ አጠገብ ነው የተቀበረው።

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ባሏ ቀለበቱን ጥሎ መጣና ሌላ ልትገዛለት እዚሁ ናዝሬት ወርቅ ቤት ይዛኝ ሄደች። እሷም በልክ የምትኖር ናት፤ ግን ያን ያህል የሚያስጨንቃት ነገር አልነበረም፣ ቀለበቶቹ በመብራት ሥር ተደርድረው፣ የጣቱን ልክ በስልክ ጠይቃው፣ እኔ መቀመጫ ሳገኝ እሷ ሁለት መርጣ ጨርሳ ነበር። ደስ አለኝ፤ ቀለበት እንዲህ ሳይጨነቁ መግዛትን ለእማዬም እመኝላት ነበር። «እማማ፣ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። አንዱን ጣቴ ላይ አጥልቄ መስታወቱን በቀስታ ቆረቆርኩ፣ ሌላውንም እንዲሁ። ሻጯ ደንግጣ አየችኝ። ሁለቱም የሚያምሩ ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን ድምፃቸው በር የሚያስከፍት አልነበረም።