አባባ ለናሆም የነገሩት

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ዉድበሪ ውስጥ አንዲት ጎረቤቴ ጋራዧ በር ላይ አሮጌ ዕቃዋን ዘርግታ ስትሸጥ፣ ከጠበበ የልጅ ጫማና ከፕላስቲክ ሳህን መሃል አንድ ነጭ የሕፃን ሞኒተር አየሁ፤ አንደኛው ሕፃኑ አልጋ አጠገብ ይሰካና ለቅሶውን ሌላ ክፍል ወዳለው ማዳመጫ የሚያስተላልፍ ሬድዮ መሳይ ነገር። ሴትየዋ አሁንም ይሠራል አለችኝ። መሥራቱንማ እኔን ጠይቂኝ። ሌላው ሰው ልጅነቱን ሲያነሳ ሆዱ ይባባል፤ እኔ ግን በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ስኔሊንግ አቨኒው ከሚባለው መንገድ አጠገብ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖር የነበረውን ያንን ቤተሰብ፣ ራሴን አንደኛ አድርጌ፣ ሳስበው ቀድሞ የሚመጣብኝ ንቀት ነው።

አባባ ደምሴ፣ የእናቴ አባት፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ወንድሜ ናሆም በተወለደ በሦስተኛው ሳምንት፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ሊያራግፍ ሲል ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት አልፏል፤ ልጃቸው እናቴ ብቻ ናት። የስድስት ወር ቪዛቸውን ይዘው፣ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አድርገው ብቅ ሲሉ፣ እኔ የአሥራ አንድ ዓመቷ አሜሪካዊት የክፍል ጓደኞቼ እንዳያዩኝ ዞር አልኩ። ኤርፖርት ውስጥ ምን የክፍል ጓደኛ አለ? ግን እንደዚያ ነበርኩ። እናትና አባቴም ከእኔ አይሻሉም፤ ሰባት ዓመት ኖረው አገሪቱን ራሳቸው ያቀኗት ይመስላቸዋል። እናቴ ልጅ የምታሳድገው መጽሐፍ እያየች ነው፤ ሕፃኑ በሰዓት ይጠባል፣ በሰዓት ይተኛል፣ ሲያለቅስም እቅፍ እንዳይለምድ ተብሎ አይነሳም። አባባ ይህ ሁሉ ሕግ ሲነገራቸው እናንተ ታውቃላችሁ ብቻ አሉ። እኛም የምናውቅ መሰለን።

ሞኒተሩን ገዝቶ የሰካው አባቴ ነው። አባባ ቀይዋን መብራት አይተው የመኝታ መብራት መሰላቸው፤ ያውም ሠላሳ ዓመት የስልክ ሽቦ ሲዘረጉ የኖሩ ሰውዬ! ማናችንም አልነገርናቸውም። ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስገባ፣ አባቴ ታክሲውን አቁሞ ሲያርፍ፣ እናቴም ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ሦስታችን ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብለን እንበላለን፤ አባባ መኝታ ቤት ናሆምን ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ፍሪጁ ላይ ካስቀመጥነው ማዳመጫ ድምፃቸው መጣ።

«አይዞህ» ይሉታል ሕፃኑን፣ «ዘመዶችህ ናቸው፤ ምን ታደርገዋለህ።»

ከዚያማ አንድ በአንድ ቦጨቁን። እናትህ ጡቷን እንደ መሥሪያ ቤት በሰዓት ነው የምትከፍተው አሉት። አባትህ ከአንተ ይልቅ የመኪናውን መሪ ነው የሚያቅፈው፤ አልጋህ እስር ቤት ነው፣ ወንጀልህ ግን ገና አልተነገረህም። እኔ ጋ ሲደርሱ፣ እህትህ ስጠራት «ዋት» ትለኛለች፣ ዋተር ውሃ መሆኑን ስለማውቅ ጠምቷት ነው እያልኩ እቀዳላታለሁ፣ ይህን ሁሉ ውሃ የት ታደርገዋለች፣ አሉት። እውነትም ስንት ቀን ሙሉ ብርጭቆ ይዘው ሲመጡ፣ ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው እያልኩ አፍንጫዬን ነፍቼ ጠጥቼላቸዋለሁ።

እየሳቅን ሰማን። ከዚያ ወዲህ እንደ ሬድዮ ድራማ ሰዓቱን ጠብቀን ማዳመጥ ሆነ ሥራችን፤ አባቴ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ እናቴ እስክታነባ ትስቃለች። ከእኛ ጋር በቀን ሦስት ቃል የማይወጣቸው ሰው ከናሆም ጋር ሲሆኑ ማቆሚያ የላቸውም። በሩ እንደተዘጋ ከአልጋው አንስተው ያቅፉታል፤ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማናል። ናሆም ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብሎ የሳቀውም ለእሳቸው ነው፣ ሲያስነጥሱ። እናቴ ቅናቷን ዋጥ አድርጋ ስንተኛ ወር ላይ መሳቅ እንዳለበት ልታጣራ መጽሐፏን ገለጠች።

ቪዛቸው ሊያበቃ ሲቃረብ ማራዘም እንደሚቻል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ፎርሙን አባቴ አምጥቶ መሳቢያ ውስጥ ከቶታል። እናቴ ግን በየጊዜው «አባዬ፣ ቤትዎ ናፈቀዎት አይደል?» ትላለች፤ እሳቸውም «እንዴታ» ይላሉ። ምን ይበሉ? አማቻቸው ቤት ልኑር ብለው አፍ አውጥተው አይለምኑ ነገር፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እንዲህ ያለ ሰው ይለመናል፤ አንዴ እምቢ ይላል፣ ሁለቴ እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው መሬት መሬት እያየ እስቲ ይላል። እኛ ደግሞ እንግዳ አንዲት ጉርሻ እምቢ ሲለን በሞቴ እያልን የምናስጨንቅ ሰዎች ነን። እናቴማ ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ ተቀጥራ ሽማግሌ በምትጦርበት ቤት፣ ለማታውቀው ፈረንጅ እጁን እያሻሸች ጭማቂ ልጨምርልዎ ወይ ብላ ሦስቴ ትጠይቃለች።

ሊሄዱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ እንደ ልማዳችን ልንስቅ ተሰብስበን፣ ይህንን ሰማን።

«ናሆሜ፣ እኔ እኮ ቤት የለኝም። ግድግዳ ነው ያለኝ። ቆይ ቢሉኝ እቆይ ነበር፤ ማን ይበለኝ?»

አባቴ ሳህኑን አየ። እናቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሳችና የማዳመጫውን ቁልፍ ቀጭ እስኪል ድረስ አዙራ አጠፋችው። ሰው ሲያወራ ተደብቆ መስማት ነውር ነው አለች። አምስት ወር ሙሉ ስንሰማ ነውር ያልነበረው፣ ያን ቀን ነውር ሆነ። ጠባብ ቤት ነው፣ ሁለታችንም ሥራ እንውላለን፣ ሰው ቢታመምስ፣ ተባባሉ በኋላ፤ ስለማን እንደሚያወሩ ስሙን ሳይጠሩ።

ኤርፖርት ሻንጣቸው ከገባ በኋላ፣ መሳፈሪያው በር ላይ፣ አባቴ «ምናለ ትንሽ ቢቆዩ» አላቸው። እሳቸውም «አይ፣ ይበቃል፤ እናንተም ሥራ አላችሁ» አሉ። ግን አልተንቀሳቀሱም። ናሆምን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ የአባቴን አፍ፣ ቀጥሎም የእናቴን አፍ ያያሉ። ሁለተኛውን እየጠበቁ እንደነበር ገብቶኛል፤ ሦስታችንም ገብቶናል። አባቴ ሰዓቱን አየና «እንግዲህ» አለ። ልጁን ለእናቴ ሰጥተው ሄዱ፤ ናሆም መኪናው ድረስ እሪ አለ።

ዓመት ከመንፈቅ አልቆዩም፤ ብቻቸውን ሞተው በማግስቱ ጎረቤት አገኛቸው። ቤታችን በለቀስተኛ ሞላ። እናቴ ደረቷን እየመታች «ምነው አባዬ፣ አንዲት ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት!» ትላለች፤ ሴቶቹ እውነትሽን ነው እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ ለእንግዶቹ ሻይ እያደልኩ ነበር። ትሪውን ይዤ ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፍኩ።

ናሆም አሁን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። አልፎ አልፎ አያቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ፣ ያኔ ምን ይሉት እንደነበር ይጠይቀኛል፤ ከእኔ ሌላ የሚጠይቀው ሰው የለውም።

ዝምተኛ ነበሩ እለዋለሁ።